ለአንድ የጓሳ ጣሪያ ሁለት ፍርድ

በአገራችን የእኔ ክስ ሲወራ እንዲህ ይባላል፦ አጎቷ ፍርድ ቤት ቆሙ፣ ትውልዷን መጀመሪያ መሬቱን ከያዘው ከአቅኚው አባት ጀምረው ቆጠሩላት፣ ዳኛው ተደንቆ ፈረደላት። ይህን በሰርግም በተዝካርም ሰምቼዋለሁ። አንድ ጊዜማ ከቤቴ ቁጭ ብሎ፣ ጠላዬን እየጠጣ፣ ባለጉዳይዋ እኔ መሆኔን ሳያውቅ ለእኔው የተረከልኝ እንግዳ ነበር። ዝም ብዬ ቀዳሁለት። ይህን የምጽፈው እንደሱ ላለ ሰው ነው።

አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ትውልድ መቁጠራቸው እውነት ነው። የቆጠሩት ግን የተሸነፍን ዕለት ነው። የረታነው አንዲት ሸክላ ሠሪ በመሰከረች ዕለት ነው። እሷን ከወሬው አውጥተዋታል። እኔ ደግሞ ማን እንዳወጣት አውቃለሁና ቦታዋን ልመልስላት ነው።

የተወለድሁት መንዝ ነው። ወጣት ሳለሁ ወጥቼ ሠላሳ ዓመት ያህል አርሲ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ ኖርሁ፤ በትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራሁ። ለምን እንደወጣሁ እዚህ አልጽፍም። የሚያውቁት ያውቁታል፤ የማያውቁትም አይጎድልባቸውም። መንግሥት ተለውጦ አገሩ በክልል ከተከለለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባሌ ሞተ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ፣ ወደ እናቴ ቤት ልመለስ ቆረጥሁ።

ልሄድ ስል ከምኖርበት ከተማ ቀበሌ መሸኛ ልጠይቅ ገባሁ። መሸኛ ማለት ነዋሪው ከዚህ ለቋል፣ ተቀበሉት የሚል ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ ነበር። መታወቂያዬን አየና ሳቀ።

"እትዬ፣ ወደ ራስዎ ክልል እየሄዱ መሸኛ ምን ያደርግልዎታል? እዚያ አገርዎ ነው፤ ማን ይጠይቅዎታል?"

ክፋት አልነበረውም። ሻንጣዬን እስከ መናኸሪያ ተሸክሞልኛል። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ "ያለ ቁጥር ወረቀት ከዚህ ቤት አይወጣም" እያልሁ ሰው ሳስለቅስ የኖርሁ ሴት፣ የራሴን ወረቀት ሳልይዝ አውቶቡስ ተሳፈርሁ። በዚህ የምወቅሰው የለኝም። ቢኖረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የእናቴ ቤት የድንጋይ ግድግዳው እንደ ቆመ ነበር። የወይራ በሩን የአጎቴ ልጅ "እንዳይሰረቅ" ብሎ ነቅሎ ከራሱ ቤት ገጥሞታል። ይህን በሁለተኛው ቀን በዓይኔ አይቼ አልፌዋለሁ፤ በር ይገዛል። የከፋው ጣሪያው ነው። ክዳኑ በስብሶ በሦስት ቦታ ሰማይ ያሳያል። የመጀመሪያውን ክረምት ከቤቴ አንድ ጥግ ወደ ሌላው አልጋዬን እየጎተትሁ አሳለፍሁት። ሁለተኛውን ክረምት እንደዚያ እንደማላሳልፈው ለራሴ ነገርሁት።

በእኛ አገር ቤት የሚከደነው በጓሳ ነው። ጓሳ በጣም ከፍ ባለው ደጋ ላይ የሚበቅል ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው፤ በደንብ የተከደነ ቤት ልጅ አድጎ እስኪዳር አያፈስም። የጓሳው ሜዳ የጋራ ነው። ጥቂት ዓመት ይዘጋና ሣሩ ሲደርስ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላም ተነግሮ ይከፈታል፤ ክረምት ሳይገባ ተመልሶ ይዘጋል። እኔ በመጣሁ በማግሥቱ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ይከፈታል ተብሏል። ካለፈኝ ሌላ ሦስት ወይም አራት ክረምት መጠበቅ አለብኝ፤ ግድግዳው ደግሞ ያን ያህል አይጠብቀኝም።

ማን ያጭዳል? በጥንቱ ሥርዓት ትውልዱን በእናትም በአባትም ቆጥሮ አቅኚው አባት ዘንድ የሚደርስ ሰው ነው። በአዲሱ ሥርዓት ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ ያለው ነዋሪ ነው። የጓሳው ኮሚቴ ሁለቱንም ሕግ በአንድ ኪስ ይዞ፣ እንደ ጠያቂው እያየ አንዱን ያወጣ ነበር። ከቤቴ ፊት ለፊት የምትኖረው ሸክላ ሠሪ መታወቂያ ነበራት፤ አያቷ ግን ከመርሐቤቴ ቆላ ስለመጡ የምትቆጥረው አባት የላትም ተብላ ጓሳ ነክታ አታውቅም። ቤቷን በገብስ ገለባ ትከድን ነበር፤ ገለባ ደግሞ አንድ ክረምት እንኳ በቅጡ አያሻግርም። እኔ በተራዬ የምቆጥረው አባት ሞልቶኝ መታወቂያ አልነበረኝም።

የቀበሌው ሊቀ መንበርም የጓሳው ኮሚቴ ሰብሳቢም ያው በሩን የነቀለው የአጎቴ ልጅ ነበር። የሌላ አጎት ልጅ ነው፤ ሊመሰክሩልኝ የቆሙት አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ማኅተሙን ከሸሚዙ የደረት ኪስ አያወጣውም ነበር። ቢሮው በሰው ተሞልቶ ሳለ ገባሁ።

"እትዬ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። መሸኛሽን አምጪ" አለኝ።

"መሸኛ የለኝም። የተወለድሁት ከዚህ ቢሮ ጀርባ ነው። አንተን አዝዬ ነው ያሳደግሁህ።"

"ማዘልሽ በመዝገብ የለም።"

"አንተም አልነበርህ መዝገብ ውስጥ። ሽንትህ ግን ጀርባዬ ላይ ነበር።"

ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። "ተመልከቺ እትዬ፣ ኢትዮጵያዊነትሽን የካደሽ የለም። ኢትዮጵያዊ ነሽ። የዚህ ክልል ነዋሪ ግን አይደለሽም። የዚያኛው ነሽ።"

"የዚያኛው ደግሞ የዚህ ነሽ ብሎ ሸኝቶኛል።"

"በወረቀት?"

"በአፍ።"

"እንግዲያው የአፍ ነዋሪ ነሽ። ጓሳውንም በአፍሽ እጨጂ።"

አሁን ሰዉ በእኔ ሳቀ። የመጀመሪያው ሳቅ የእኔ ነበር፤ ሁለተኛው የሱ ሆነ። ሳቁ በአንድ ለአንድ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት ወደ አርሲ ሄጄ መሸኛውን አምጥቼ ነገሩ ያልቅ ነበር። እሱ ግን ሦስተኛ ጨመረ፦ "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ ያልላከች ዛሬ ሣር ፈልጋ መጣች።" ውሸት ነው። ሰላምታ ልኬያለሁ። ከቢሮው እንደወጣሁ ቀጥታ የሄድሁት ወደ ራፖር ጸሐፊው ነው።

ራፖር ጸሐፊው ከወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር በባሕር ዛፍ ጥላ ተቀምጦ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ነበር። አጎቴም አብረውኝ መጡ። ጥንት የጓሳው ሹም ነበሩ፤ ያለ ፈቃዳቸው አንድ ሸክም ከሜዳው አይወጣም ነበር። ራፖር ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ ጠየቀኝ።

"በቀበሌው መኖርዎን የሚያውቅ ጎረቤት ማን አለ?"

"ፊት ለፊቴ ሸክላ ሠሪዋ አለች" አልሁ።

አጎቴ ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። "የማን ልጅ ሆና ነው ለእኛ የምትመሰክር? እኔ አለሁ አይደለም? ጻፍ፣ ምስክር እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ!"

እኔም ዝም አልሁ። ይህን መጻፍ አልወድም፤ ግን የሌላውን ዕዳ ስቆጥር የራሴን መዝለል አልችልም። ሰዉ የሷን ዓይን ይፈራ ነበር፣ እኔም የሰዉን አፍ ፈራሁ። እንስራዋን ገዝቼ ውኃ እጠጣበታለሁ፤ ስሟን በማመልከቻ ማስጻፍ ግን ከበደኝ።

ቀጠሮው በታኅሣሥ ወር በገበያ ቀን ዋለ። ዳኛው ገና ወጣት ነው፤ ብርዱ ጆሮውን አቅልቶታል። አጎቴን አስማላቸውና ጠየቃቸው።

"ከሳሽ በዚህ ቀበሌ መኖር ከጀመሩ ምን ያህል ጊዜ ሆናቸው?"

አጎቴ ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከአቅኚው አባት ጀመሩ።

መንዝ ያላደገ ሰው ይህን አይረዳም። በእኛ ዘንድ "ይህ ሰው የዚህ አገር ነው ወይ" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሰው ስም ነው። ልጅ ሆነን አባቶቻችን እንደ ውዳሴ ማርያም ያስጠኑን ይህንኑ ነው። አጎቴ ጥያቄውን አልሳቱትም፤ በሚያውቁት ቋንቋ እየመለሱ ነበር።

"አባት፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ" አለ ዳኛው።

"እየመለስሁ ነው ጌታዬ። ገና ሦስተኛው አባት ላይ ነኝ።"

"እኔ የጠየቅሁት ከመቼ ጀምሮ ይኖራሉ ነው።"

"እኮ! ይህ ሦስተኛው አባት መሬቱን ሲያርስ ጀምሮ ናት።"

ችሎቱ ሁሉ ሳቀ። ዳኛው ራሱ አንገቱን አቀርቅሮ በመዝገቡ ላይ ሲስቅ አይቼዋለሁ። አጎቴ ግን ወንዝ ሆኑ፤ በአባት ወረዱ፣ በእናት ተሻገሩ፣ ሁለት ጊዜ ሰው ረስተው ተመለሱ። መጨረሻ ላይ በዘንጋቸው ወደ አጎቴ ልጅ ጠቆሙና "ይህም ከዚያው ነው፤ ትውልዷን ቢክድ የራሱን ነው የሚክድ" ብለው ተቀመጡ። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

የአጎቴ ልጅ ተነሣ። ንግግር ይችልበታል፤ ይህን አልነሣውም።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ ትውልዷን አልካድሁም። ነገር ግን የዘር ቆጠራ ዘመን አልፏል። ጓሳ የነዋሪ ነው። ዛሬ ሰው የሚጠየቀው ከማን ተወለድህ ተብሎ አይደለም፤ የት ትኖራለህ ተብሎ ነው። እሷ የሌላ ክልል ነዋሪ ናት፤ መታወቂያዋም የዚያው ነው።"

ይህን ሲናገር ከኋለኛው አግዳሚ ሸክላ ሠሪዋ ተቀምጣ ነበር። ማሰሮዎቿን ገበያ አድርሳ ከነፋሱ ልትጠለል ገብታ ነው። ማንም ልብ አላላትም፤ እኔም ቆይቼ ነው ያየኋት።

ዳኛው ሌላ ምስክር እንዳለኝ ጠየቀኝ። የለኝም አልሁ። ከቀትር በኋላ ውሳኔው ተነበበ። እንደማስታውሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ከሳሽ ኢትዮጵያዊት መሆናቸው አላከራከረም። ትውልዳቸውም ከዚህ መሆኑ ተነግሯል። ነገር ግን የቀበሌ ጥቅም የነዋሪው ነው፤ ከሳሽ የነበሩበትን ክልል ለቀው እዚህ ነዋሪ ለመሆናቸው ማስረጃ አላመጡም። ክሱ ተዘግቷል።

አጎቴ ከደጅ ወጥተን "ምን አለ?" አሉኝ። "ኢትዮጵያዊት ናት አለ" አልኋቸው። "እና ጓሳው?" "ጓሳው ኢትዮጵያ ውስጥ አይደለም መሰለኝ" አልሁ። መንገድ ለመንገድ ራሳቸውን እየነቀነቁ "አምስተኛው ላይ የዘለልሁት ሰው ነው፣ እሱ ነው የጎዳን" ሲሉ መጡ።

በማግሥቱ ሸክላ ሠሪዋ ከደጄ ቆመች። ሁልጊዜ ከደጅ እንጂ አትገባም ነበር።

"እሜቴ፣ ትላንት ሰማሁ። ዳኛው የጠየቀው እኮ ቀላል ነበር።"

"ግቢ" አልኋት።

"ከዚህ ይሻለኛል። ከመቼ ጀምሮ ትኖራለች ነው ያለው። እኔ አልነግረውም ነበር? ጭስዎ ከማን ቤት ፊት ነው የሚወጣው?"

"ለምን ትመሰክሪልኛለሽ? እኔ እኮ አላስጻፍሁሽም።"

"ራፖር ጸሐፊው ጋ የተባለው ሁሉ ደርሶኛል" አለችና ሳቀች። "ለእርስዎ ብዬ አይምሰልዎት። እሜቴ፣ እኛ አያቴን እዚህ ቀበርን፣ እናቴን እዚህ ቀበርን፣ እኔ ዛሬም መጤ ነኝ። ያ ሰውዬ የት ትኖራለህ ነው የሚጠየቀው ሲል እንዲህ ያለ ነገር ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ከፍ ያለ ዳኛ ፊት ደግሞ እንዲለው እፈልጋለሁ።"

ይግባኙን ለደብረ ብርሃኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አስገባሁ። ራፖር ጸሐፊው በአዲሱ ማመልከቻ ላይ ተጨማሪ ምስክር እንዲሰማልኝ ጻፈ፤ ስሟን ያስጻፍሁት በራሴ አፍ ነው። ለአጎቴ አልነገርኋቸውም። የቀጠሮው ዕለት ከመሐል ሜዳ ንጋት ላይ አውቶቡስ ስንሳፈር አጎቴ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ወደ ኋላ ሳይዞሩ "እኔ የመጣሁት ለራሴ ጉዳይ ነው" አሉ። ምን ጉዳይ እንዳላቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሸክላ ሠሪዋ "መንገዱ ባዶ እንዳይሆን" ብላ በገለባ የተጠቀለሉ ሁለት ማሰሮዎች ይዛ ነበር። በየጉድጓዱ አውቶቡሱ ሲነጥር መንገደኛው ሁሉ "ቀስ! ማሰሮ አለ!" እያለ ሾፌሩን ይገሥጽ ነበር። አጎቴም አንድ ጊዜ ሳያስቡት ጮኹ።

የፍርድ ቤቱ ጠባቂ ማሰሮዎቹን አላስገባም አለ። ሸክላ ሠሪዋ ለሱ አደራ ሰጠቻቸው፤ ስንወጣ አንዱን ገዝቷት ነበር።

ሦስት ዳኞች ነበሩ፤ መካከለኛው ሽበታም፣ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ምስክሬን አስማለና ያንኑ ጠየቃት።

"ይግባኝ ባይ ከመቼ ጀምሮ እዚያ ይኖራሉ?"

"ባለፈው መስከረም ሳይሆን በአምናው፣ መስቀል ሳይውል መጡ ጌታዬ። በሳምንቱ እንስራ አዘዙኝ። በጥቅምት ድስት፣ በኅዳር ጋን። ጋኑን ሁለት ጊዜ አስመለሱኝ፤ አፉ ጠበበ ብለው።"

"እንስራ መግዛት መኖርን ያሳያል?"

"እንግዳ እንስራ አያሠራም ጌታዬ። እንግዳ ቢጠማው ከሰው ቤት ይጠጣል። ጋን ያሠራ ደግሞ ድግስ ሊደግስ ነው፤ ድግስ የሚደግሰው የሚኖር ሰው ነው።"

ሽበታሙ ዳኛ ጻፈ። የአጎቴ ልጅ ተነሥቶ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ የዚህች ሴት ምስክርነት በአገራችን..." ብሎ ጀመረ። ዳኛው "በአገራችን ምን?" አለው። አልጨረሰውም።

እኔ ለመጠየቅ ፈቃድ ለመንሁ፤ ተፈቀደልኝ።

"አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅህ። በሚካኤል ሰንበቴ የደብሩ ሰው ያልሆነ ተራ ይገባል?"

"አይገባም" አለ።

"እኔ ተራዬ ሲደርስ ጽዋውን የተቀበልሁት ከማን እጅ ነው?"

ከእኔ በፊት ተረኛው እሱ ነበር። ሰው በእኛ አገር በመሬት ይዋሻል፣ በበግ ይዋሻል፣ በዕድሜውማ ሁሉም ይዋሻል። በጽዋ የዋሸ ግን አላውቅም። ማኅተሙን በኪሱ ላይ እንደያዘ ቆመ። ቢክድ የሚያስተባብለው ከአጎቴ በቀር በዚያ ችሎት አልነበረም።

"ከእጄ ነው" አለ።

ያቺን አንዲት እውነት አልረሳለትም። ሌላውንም አልረሳለትም።

ውሳኔው የተነበበው በሳምንቱ ነው። ግልባጩ አሁንም ሳጥኔ ውስጥ አለ፤ ነገሩን በራሴ ቃል ላስቀምጠው። ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በአገሩ በፈለገበት ሄዶ መኖር ይችላል። በእውነት ኑሮውን ካደረገ ደግሞ የዚያው ክልል፣ የዚያው ቀበሌ ሰው ይሆናል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከተላል። መሸኛ መኖርን ያስረዳል እንጂ መኖርን አይፈጥርም። አንድ ቀበሌ "ኢትዮጵያዊ ነህ፣ የእኛ ግን አይደለህም" ብሎ ከደጁ የሚኖረውን ሰው ሊመልስ አይችልም። ትውልድ መቁጠርም ለዚህ አያስፈልግም። የወረዳው ውሳኔ ተሽሮ መታወቂያ እንዲሰጠኝ ታዘዘ።

በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ስለ ክልል ብዙ ይናገር ነበር፤ ትልቅ ትልቅ ስብሰባ ተቀምጠን ብዙ ሰምተናል። እኔ ነገሩ የገባኝ ያን ዕለት ነው፣ በሁለት ገጽ። አገሬ ሁለት ናት፦ አንዷ ሰፊ፣ አንዷ ጠባብ። ከተመለስሁ ጀምሮ አንዷ ወደ ሌላዋ ስትልከኝ ኖራ ነበር። ዳኛው ሰፊዋን የያዘ ጠባቧን መለመን የለበትም አለ።

አጎቴ ግን "ትውልድ መቁጠር አያስፈልግም" የምትለዋን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። በሦስተኛው "ይህ ዳኛ የየት አገር ሰው ነው?" ብለው ጠየቁ።

የአጎቴ ልጅ መታወቂያዬን ሲሰጠኝ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው። "ደመቅ እንዲል ነው" አለ። "ሦስተኛም ጨምርበት፣ በሳቁም ሦስተኛ ጨምረህ ነበር" አልሁት። አልጨመረም።

ጓሳው ከፋሲካ በኋላ ተከፈተ። ብርዱ ገና ጥርስ የሚያንገጫግጭ ማለዳ ነበር፤ ሰዉ ማጭዱን ይዞ ከሜዳው ጫፍ ተሰልፏል። ኮሚቴው መታወቂያ እያየ ያሳልፋል። እኔ አለፍሁ። ከእኔ ቀጥሎ የቆመችው ሸክላ ሠሪዋ ነበረች፤ አዲስ ማጭድ ይዛ፣ መቀነቷን አጥብቃ።

የአጎቴ ልጅ መታወቂያዋን ሳይቀበል "አንቺ ደግሞ ወዴት?" አላት።

"ወደ ጓሳው።"

"ከማን ተወልደሽ?"

"ጌታው ሊቀ መንበር፣ ይህን ነገርማ ከእርስዎ ነው የሰማሁት" አለች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ። "የዘር ቆጠራ ዘመን አልፏል አሉ። ከማን ተወለድህ አይደለም የሚጠየቀው፣ የት ትኖራለህ ነው አሉ። በወረዳ ተናገሩት፣ ዳኛውም ጻፈው። እኔ የምኖረው የት ነው?"

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። የአጎቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረ፤ ዘመድ ነሽና አድኚኝ የሚል አተያይ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያየኝ ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ግልባጩን ይዤ ነበር፤ መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያለ ግልባጭ አይንቀሳቀስም። አውጥቼ ሰጠሁት።

"አንብበው" አልሁት። "ጮክ ብለህ።"

"እትዬ፣ ይህ ለአንቺ የተፈረደ ነው።"

"እንግዲያው የኔን ፍርድ በኔ ቦታ ላይ ላድርገው" አልሁና ለአጨዳ የተሰጠኝን ቦታ ከመሐል በማጭዴ ገመስሁት። "ከዚህ ወዲያ የሷ ነው። ክሰሰኝ።"

እንዲከሰኝ ከልቤ ተመኝቼ ነበር። መንገዱን አውቀዋለሁ፣ አውቶቡሱን አውቀዋለሁ፣ ጠባቂው እንኳ ያውቀናል። አልከሰሰም። አሳለፋት። በማግሥቱ ኮሚቴው ለሷም የራሷን ቦታ ለካላት፤ ከኋላዋ ደግሞ ሁለት የሸማኔ ቤተሰቦች መጡ። እንዲያውም ያን ዓመት ሣሩ ለሁሉም ደረሰ። አይደርስም ብለው የነበሩት ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ዛሬ ሲጠየቁ አያስታውሱም፤ እኔ አስታውሳለሁ፣ በስም።

ሁለቱን ቤቶች በአንድ ሳምንት በደቦ ከደንናቸው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ደበደበው፤ እኔ አልሰማሁም፤ ጠዋት መሬቱ ርሶ ሳይ ነው ያወቅሁት።

አጎቴ ግን ነገሩ አልተዋጠላቸውም ነበር። ያለ አባት የታጨደ ጓሳ እንቅልፍ ነሣቸው። ክረምቱን ሙሉ በየሽማግሌው ቤት እየዞሩ ሲጠይቁ፣ ጣታቸውን ሲቆጥሩ ከረሙ። መስከረም ሊጠባ ጥቂት ሲቀረው ፊታቸው በርቶ መጡ። እኔና ሸክላ ሠሪዋ ከአዲሱ ጣሪያ ሥር ተቀምጠን ቆሎ እንበላ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከደጅ መቆም ትታለች።

"ተገኘ!" አሉ ቆመው። "አንቺ ልጅ፣ የአያትሽ ባል እናት በአራተኛው አባታችን በኩል የእኛው ናት። በእናት ዞሮ ይደርሳል! ዘመድ ነሽ! ጓሳው በአባት ይገባሻል!"

ሸክላ ሠሪዋ ተነሥታ ጉልበታቸውን ሳመች። መቀመጫ ሰጠቻቸው። ቆሎውንም አቀረበችላቸው።

"እግዚአብሔር ያክብርልኝ አባባ፣ ብዙ ደከሙ" አለች። "ዘመድነቱን እቀበላለሁ። ጓሳውን ግን በዳኛው ይሁንልኝ፤ በአባት ከሆነ ነገ ደግሞ አንድ አባት ይረሳሉ።"

አጎቴ ቆሎውን አፋቸው ውስጥ እንደያዙ ቆዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቃቸው እስኪያስላቸው ድረስ።